«1628» ብሎ ስለተሸነፈው ልጅ፦ ለጎንደር ከተማ ትምህርት መምሪያ ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የጎንደር ከተማ አስተዳደር ትምህርት መምሪያ ኃላፊ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ በዚሁ በከተማችን በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ከትምህርት በኋላ የጥያቄና መልስ ክበብ አለን፤ እሱንም የምመራው እኔ ነኝ። ክበብ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስልዎ። አንድ ክፍል፣ አንድ የተሰነጠቀ ሰሌዳ፣ ሃያ የሚሆኑ ልጆችና አንድ የድስት ክዳን ነው። ክዳኑ ደወላችን ነው። ቀድሞ የመታው ይመልሳል።

ይህን ደብዳቤ በመዝገብ ቤት በኩል ማስገባት እችል ነበር። ግልጽ ያደረግሁት ጉዳዩ የእኔ ክበብ ብቻ ስላልሆነ ነው። ልጆቻቸውን ለቴሌቪዥን ውድድር የሚያዘጋጁ ሌሎች መምህራን አሉ፤ እነሱም ያንብቡት። ቅሬታዬ በመሥሪያ ቤትዎ ላይ አይደለም። የምለምንዎ አንድ ገጽ ወረቀት ብቻ ነው። ምን ዓይነት ወረቀት እንደሆነ ከመናገሬ በፊት ግን የሆነውን ላጫውትዎ።

ባለፈው ዓመት አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የተማሪዎች የጠቅላላ ዕውቀት ውድድር አዘጋጅቶ ከየከተማው ተወዳዳሪ ጠራ። ከእኛ ክበብ በማጣሪያው አንደኛ የወጣ የ11ኛ ክፍል ልጅ ተመረጠ። አብሬው ሄድሁ። ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የመንገዱን ነገር ደግሞ እርስዎም ያውቁታል። የትራንስፖርቱን ግማሽ አባቱ፣ ግማሹን እኛ መምህራን አዋጥተን ቻልነው።

ልጁ የመጀመሪያውን ዙር እንደ ውሃ ጠጣው። በዓለም ቅርስ መዝገብ ከኢትዮጵያ ቀድመው የገቡት የትኞቹ ናቸው ሲሉት፣ ጥያቄው ሳያልቅ ደወሉን መትቶ «ላሊበላና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ» አለ። ልክ ነው። ሁለቱም በ1978 እ.ኤ.አ. ተመዘገቡ፤ የእኛ ፋሲል ግቢ በዓመቱ ተከተለ። ቀጥሎ «አፄ ቴዎድሮስ ዘውድ የጫኑት የት ነው?» ተባለ። እዚህ ላይ ጎንደር ብሎ የሚወድቅ ሰው ብዙ ነው። እሱ «ደረስጌ ማርያም» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔማ እጄ እስኪቀላ ነው ያጨበጨብሁት።

ሁለተኛው ዙር ሲያልቅ ከሌላ ከተማ ከመጣ ተማሪ ጋር ነጥባቸው እኩል ሆነ። መለያ ጥያቄ መጣ። «የጎንደር ከተማ የተቆረቆረችው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?»

ፈገግ አልሁ። ለጎንደር ልጅ ይህም ጥያቄ ሆነ? ልጁ መታ። «በ1628» አለ።

አቅራቢው ካርዱን አየ። «አዝናለሁ፣ መልሱ 1636 ነው።»

ክቡር ኃላፊ፣ ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ለሌላው አንባቢ ልበል እንጂ። 1636 የፈረንጆቹ ቁጥር ነው፣ 1628 የእኛ። የምናወራው ስለ አንድ ዓመት ነው። እናክርረው ከተባለም፣ የፈረንጆቹ 1636 ከመስከረም በፊት ያለው በእኛ 1628 ነው፤ ከመስከረም ወዲህ ያለው 1629 ነው። «1629» የሚል ልጅ ቢመጣ እንኳ ዳኛ ቆም ብሎ ማሰብ ነበረበት። ጥያቄው ደግሞ «በስንት ዓመተ ምሕረት» ነው ያለው! ካርዱን የጻፈው ሰው ከአንድ የእንግሊዝኛ ገጽ ላይ ቁጥሩን እንዳለ አንሥቶ፣ ጥያቄውን ብቻ በአማርኛ የጻፈ ይመስለኛል። ሌላ ምክንያት አይታየኝም።

ልጁ ዝም አላለም። «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የመለስሁት» አለ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። እኔም ከተመልካቹ መሃል ተነሣሁ። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ያደረገ ወጣት መጥቶ «መምህር፣ ቀረጻ ላይ እኮ ነን» ብሎ አስቀመጠኝ። ሲያልቅ ሄደን አነጋገርናቸው። «ኤዲቲንግ ላይ ይታያል» አሉን።

ታየም። ፕሮግራሙ በተላለፈ ቀን ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ የክፍሉ ልጆች ተሰብስበው ነበር። እኔም ጥግ ይዤ ተቀመጥሁ። «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው» ያለው ተቆርጦ ወጥቷል። የቀረው፣ የጎንደር ልጅ ጎንደር መቼ እንደተቆረቆረች ጠፍቶት አንገቱን ሲደፋ ነው። ማኪያቶ የሚያመላልሰው ልጅ እንኳ ትሪውን ይዞ ቆሞ «ኧረ ምን ዓይነት ጉድ ነው!» አለ። በማግስቱ በግቢ ስም ወጣለት፦ «ሠላሳ ስድስት»። እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚያ ነው። ክበቡንም ተወው።

ልጆች ሳለን «እንቆቅልህ» ሲሉን «ምን አውቅልህ» እንል ነበር። ያላወቀ አገር ይሰጣል። ጠያቂው በተሰጠው አገር ገብቶ ይነግሣል፣ መልሱንም ይናገራል። በዚያ ጨዋታ እንኳ መልሱ አላጠግብ ካለ ክርክር ነበር፤ ካልተስማማን እናት ከምድጃው ሥር ሆና ትዳኛለች። ይህ ልጅ ግን መልሱን እያወቀ አገር ስጥ ተባለ። ያውም ጎንደርን።

ጥፋቱን ሁሉ ጣቢያው ላይ ላላክክ አልፈልግም። ልጁ የሄደው በትምህርት ቤታችን ደብዳቤ ነው። ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግለት» ብዬ ማኅተም አስመታሁ። ዳኛው ማን ነው? መልሱ የሚወጣው ከየት ነው? ስህተት ቢፈጠር ለማን ይነገራል? አንዱንም አልጠየቅሁም። «በቴሌቪዥን ይታያል» ሲሉኝ አፌ ተዘጋ። የሃያ ዓመት መምህር ነኝ፣ ያሳፍራል።

ጥያቄ አዘጋጆችንም ክፉኛ መውቀስ አይሆንልኝም፤ እኔም አዘጋጃለሁና ሥራው ምን ያህል አታላይ እንደሆነ አውቃለሁ። ራስ ዳሽንን ይውሰዱት። እኔ ተማሪ ሳለሁ 4620 ሜትር ነው ተብለን ሸመደድን። ኋላ 4533 የሚል መጣ። አሁን 4550 የሚለው በዝቷል። ተራራው አልጎበጠም፤ ልኬቱ ነው የተለወጠው። በአባቱ የቆየ መጽሐፍ ያጠና ልጅና በስልኩ ያየ ልጅ ቢገናኙ፣ ሁለቱም ያነበቡትን ነው የሚናገሩት። የከተማችን የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ስንት የመላእክት ፊት አለ ብሎ የሚጠይቅም አይጠፋም። አንዱ አስጎብኚ የሚጠራው ቁጥር ከሌላው አይገጥምም። እኔ ራሴ አንድ ቀን ተንጋጥጬ ልቆጥር ሞክሬ አንገቴ ደነዘዘ። (ሁሉም እያዩኝ እንደነበር ግን እርግጠኛ ነኝ።) የፋሲል ግቢ በር ስንት ነው ቢባል ግን 12 ነው፤ አያከራክርም። እንዲህ ያለው ነው ለውድድር የሚሆነው።

አንድ ጥያቄ ሁለት መልስ ሊኖረው እንደሚችል ለጎንደር ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤ የደራባት ከተማ ናት። መምህሩ አንዱን ንባብ ይፈታና «አንድም» ብሎ ሌላውን ፍቺ ያመጣል። ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት ሁለት የትርጓሜ ትምህርት ቤቶች በፍቺ ተለያይተው፣ ሁለቱም ወንበር ዘርግተው አስተምረዋል። ቴሌቪዥን ላይ «አንድም» የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ጥቂት ሰከንድ ነው። ይገባኛል። ለዚህ ነው አንድሙ ከቀረጻው በፊት ማለቅ ያለበት።

ይህን ነገር የሌላ አገር ሰዎች ቀድመውን ቀምሰውታል። በአሜሪካ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ የጥያቄና መልስ ውድድር አገሩን አጥለቅልቆት ነበር። ኋላ ሲጣራ አዘጋጆቹ ለሚፈልጉት ተወዳዳሪ መልሱን አስቀድመው ይሰጡ እንደነበር ተደረሰበት። ቻርልስ ቫን ዶረን የሚባል፣ ሕዝቡ እንደ ጀግና ያየው ተወዳዳሪ፣ በ1959 በአገሪቱ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ አመነ። በዓመቱ እንዲህ ያለውን ማጭበርበር የሚከለክል ሕግ ወጣ። የእኛው ማጭበርበር አይደለም፣ ቸልታ ነው። ለቸልታ የሚሆነው ምሳሌ የእንግሊዞቹ ነው። «ሚሊየነር» በሚባለው የቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድራቸው ላይ ባልና ሚስት የአሜሪካ መፈክር ከላቲን ሲተረጎም ምን ይላል ተብለው ተጠየቁ፤ ተሳስታችኋል ተባሉ፤ ብዙ ገንዘብ አጡ። ኋላ አዘጋጆቹ ጥያቄው ራሱ አሻሚ እንደነበር አምነው መልሰው ጋበዟቸው። በቃ፣ ይኸው ነው። ተሳሳትን ማለት አይገድልም።

አሁን ወደ አንዷ ገጽ ልምጣ። ከከተማችን ተማሪ የሚጠራ አዘጋጅ፣ የቴሌቪዥንም ይሁን የሬዲዮ፣ ልጁ መኪና ላይ ከመውጣቱ በፊት ፈርሞ የሚመልሰው ቅጽ መምሪያዎ ያውጣልን። ከሁሉ በፊት ዓመት በየትኛው አቆጣጠር እንደሚጠየቅ ይጻፍበት። አድዋ 1888 ነው ወይስ 1896? ጥምቀት በዩኔስኮ የተመዘገበው በ2012 ነው ወይስ በ2019? ሁለቱም ልክ ነው። ስለዚህ ወይ አንዱን ይምረጡ፣ ወይ ሁለቱንም ይቀበሉ። ቀጥሎ፣ ጥያቄው ከየትኛው መጽሐፍ እንደሚወጣ ይነገረን፤ ልጆቹ የሚያጠኑትን ይወቁ። መልስ የሚያጣራ፣ ካርዱን ብቻ የማያነብ፣ ትምህርቱን የሚያውቅ ሰው ስቱዲዮ ውስጥ ይኑር። አብሮ የሄደው መምህር ቀረጻው ሳይዘጋ ይግባኝ የሚልበት ደቂቃ ይሰጠው። ስህተት የታወቀው ከተላለፈ በኋላ ከሆነ፣ እርማቱ በዚያው ፕሮግራም በዚያው ሰዓት ይነገር። ከቀረጻው የሚቆረጥ ነገር ካለም፣ የልጁ ማስረጃ አይቆረጥ።

ስለ ወጪና ስለ ማደሪያም በግልጽ ይቀመጥ። ይህን የምለው በምክንያት ነው። በማጣሪያችን ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት ሴቶች ነበሩ። ጣቢያው ሁለት ተጠባባቂ ማምጣት ትችላላችሁ ብሎን ነበር። ወላጆቻቸው «የት ያድራሉ? ከማን ጋር?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም፣ ልጆቹ ቀሩ። እውነቱን ልናገርና፣ ከሁለቱ አንዷ ከሄደው ልጅ ትሻላለች። የማጣሪያው ዕለት የድስት ክዳኑን ዘግይታ መታች እንጂ።

«ብዙ ከጠየቅን ሁለተኛ አይጠሩንም» የሚል ባልደረባ አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጆቹ ዕድሉ እንዳያመልጣቸው ፈርቶ ነው። እኔ ግን አይመስለኝም። የከተሞች ውድድር ብሎ ጎንደርን የሚተው አዘጋጅ ካለ እስቲ እናየዋለን። ደግሞ ቅጹ ለእነሱም ይጠቅማል። ስለ ጎንደር የሚወጣን ጥያቄ ያለ ክፍያ አይተን የምንመልስ መምህራን አለን፤ ዩኒቨርሲቲም እዚሁ ከተማው ውስጥ አለ። ካርዱን ከአንድ ቀን በፊት አሳይተውን ቢሆን ይቺ 1636 በአንድ ስልክ ትስተካከል ነበር።

ረቂቁን እኔ ልጽፈው እችላለሁ፤ ጽፌውማ አለሁ። በእጅ ጽሑፌ አንድ ገጽ ከሩብ ሆኗል። የመምሪያው ባለሙያዎች ሩቡን ይቁረጡልኝ፣ የሕግ ሰውም ይየው፣ ማኅተም ይረፍበት።

ቶሎ ያልሁበት ምክንያት ሰሞኑን ሌላ ጥሪ ስለመጣ ነው። ርዕሰ መምህራችን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ የተወዳዳሪ ስም እስከ ወሩ መጨረሻ ላኩ ይላል። ባለፈው ማክሰኞ ያንን ልጅ ኮሪደር ላይ አግኝቼ «ተመዝገብ እንጂ» አልሁት። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው፣ ቁመቱም ጨምሯል። ጫማውን እያየ ትንሽ ቆየና «ቲቸር፣ መጀመሪያ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚጠይቁ ያጽፉልኝ» አለኝ።

ስሙን የምጽፍበት መስመር እስካሁን ባዶ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የታሪክ መምህር
ጎንደር