ስለ ከሰሉ፣ ስለ ሙቅ ውሃው እና ስለ ቀብዱ

ደብረ ብርሃን፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በያላችሁበት እንደምን ሰነበታችሁ? እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በከተራና በጥምቀት ሰሞን ከማረፊያ ቤታችን አዝናችሁ የወጣችሁ ስላላችሁ ነው። ከሰል ለምኖ የተከለከለ አለ። ራሱን ሳሙና እንደቀባ ውሃው የቀዘቀዘበት አለ። "ስንት ዓመት በስልክ ብቻ ነግረን ስንመጣ፣ ዘንድሮ ቀብድ አምጡ ተባልን" ብሎ የተቀየመ የጥንት ደንበኛም አለ። አዲሱን ደንብ አልጋ ስትይዙ ልንነግራችሁ ሲገባ በር ላይ ሰማችሁት። ይህ ጥፋት የእኛ ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ደንቡን ግን አናነሳውም። ለምን እንደማናነሳው እስከ መጨረሻው ብታነቡልን ደስ ይለናል።

ቅሬታው የበዛው በከሰሉ ስለሆነ ከእሱ እንጀምር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ጥርት ባለ ቁጥር ሌሊቱ ይከፋል፣ ሣሩ ላይ ውርጭ ያድራል። በዚህ ብርድ ምድጃ መጠየቅ ነውር አይደለም። እኛም ለዓመታት እያቀጣጠልን እናስገባ ነበር፤ አንክድም። "ድሮ ትሰጡን አልነበር?" ያላችሁን እውነት ብላችኋል። ድሮ የሰጠነው ግን ስላላወቅን ነው።

"ውጭ አቀጣጥላችሁ፣ ጭሱ ሲያልቅ አስገቡልን" የሚለውን ብዙ ሰው ያምንበታል። ችግሩ ግን ጭሱ አይደለም። ከሰል ፍም ሆኖ፣ ቀልቶ፣ ምንም ሳይጨስ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። አይሸትም፣ አይታይም፣ ዓይንም አይቆጠቁጥም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ክፍሉ የሚሞቀው በርና መስኮቱ ግጥም ብሎ ሲዘጋ ነው፤ ጋዙም የሚጠራቀመው ያኔ ነው። "መስኮቱን ገርበብ አድርገን እንተኛለን" ላላችሁን፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ብርዱ ሲጸና ያ መስኮት መዘጋቱ አይቀርም። አመድ የለበሰ ፍም ደግሞ የጠፋ ይመስላል እንጂ አልጠፋም፤ እስኪከስም ድረስ ያንኑ ጋዝ ይለቃል። በዚህ ከፍታ አየሩ ራሱ ከባሕር ዳርቻው ከሩብ በላይ የሳሳ ስለሆነ ሰውነት ቀድሞውንም ትርፍ ኦክስጅን የለውም።

ምልክቱም ያታልላል። ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። ከቆላ የመጣው "ደጋው ነው የያዘኝ" ይላል፤ ማምሻውን አረቄ የቀመሰው በአረቄው ያሳብባል፤ ተኝቶ የነበረው ደግሞ ምንም ሳይል እንደተኛ ይቀራል። ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ በርና መስኮት ከፍታችሁ ሰውየውን ቶሎ ወደ ደጅ አውጡት፤ ቢነቃም ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። የሚያስፈልገው ኦክስጅን ነው፤ ወተትና ሎሚ አያድኑትም። በከተራ ማታ "ስስታሞች" የተባልነው እንግዲህ በዚህ ምክንያት ነው። ስድቡን ችለነዋል።

"እሺ፣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለምን አታስገቡም?" ላላችሁን ደግሞ ሒሳቡ ይኸው። የቤታችን ቆጣሪ ባለ አንድ ፌዝ ነው። ብሬከሩ 32 አምፔር ስለሆነ በ220 ቮልት የሚሸከመው 7 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። አንዱ ማሞቂያ 2 ኪሎ ዋት ቢፈልግ ስድስቱ ክፍል 12 ይፈልጋል። ቦይለሩ ብቻውን 3 ኪሎ ዋት፣ የእንጀራ ምጣዱ 3.5 ይወስዳል። ሁለቱ አብረው ከበሩ የሚተርፈው ለአምፖልና ለስልክ ቻርጀር ብቻ ነው። እንጀራ የምንጋግረው ከረፋዱ 3 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ የሆነው ለዚህ ነው፤ በዓል ሲሆን ግን እስከ ማታ ይጋገራል። ከተራ ማታ ቤቱ ሁለት ጊዜ የጨለመው መብራት ሄዶ አልነበረም፤ ቦይለሩና ምጣዱ በርተው ሳለ አንድ ክፍል ውስጥ ካውያ፣ ሌላው ውስጥ የውሃ ማፍያ ተሰክቶ ነው። እባካችሁ እነዚህን ከቤታችሁ አታምጡ። ካውያ በእንግዳ መቀበያው አለ፣ ፍል ውሃም በቴርሞስ እናመጣላችኋለን።

በከሰሉ ፈንታ ለየአልጋው ሁለት የሱፍ ብርድ ልብስና አንድ ጋቢ አድርገናል። ብርድ ልብስ በሚሠራበት ከተማ እንግዳ በብርድ ልብስ እጥረት ቢበርደው እኛን ነበር ማፈር። ማታ 3 ሰዓት ላይ ሙቅ ውሃ የተሞላ ላስቲክ በጨርቅ ጠቅልለን እግርጌ እናደርጋለን። ጨርቁን አትግለጡት፣ ቆዳ ያቃጥላል። ከእናንተ የምንፈልገው ደግሞ አንድ ነገር ነው፦ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ 11 ሰዓት ላይ መስኮቱንና መጋረጃውን ዝጉ። ግድግዳው ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ የሚመልሰው ያኔ ከተዘጋ ነው፤ ከራት ስትመለሱ ብትዘጉት ብርዱን ቆልፋችሁበት ነው የምትተኙት። ወደ ምዕራብ የዞሩት ሦስት ክፍሎች የከሰዓቱን ፀሐይ ስለሚያገኙ ይሻላሉ። ሕፃን ወይም አዛውንት ይዛችሁ ከሆነ አልጋ ስትይዙ ንገሩን፣ ከእነዚያ አንዱን እንሰጣችኋለን።

ወደ ሙቅ ውሃው እንለፍ። ሰዓቱ ጠዋት ከ12 እስከ 2፡30፣ ማታ ከ12 እስከ 2፡30 ነው። ያለን ቦይለር 200 ሊትር ይይዛል። በዚህ ወቅት ከቧንቧ የሚመጣው ውሃ 10 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ እሱን 60 ዲግሪ ለማድረስ ወደ 4 ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ አንዴ የምንለኩሰው ሌሊት 8 ሰዓት፣ አንዴ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ነው። ሻወሩ በደቂቃ 8 ሊትር ያፈሳል፤ ለገላ የሚመች 40 ዲግሪ ውሃ ሲቀላቀል ከአሥሩ እጅ ስድስቱ ከቦይለሩ፣ አራቱ ከቀዝቃዛው ይመጣል። አምስት ደቂቃ የታጠበ ሰው 24 ሊትር ሙቅ ውሃ ወሰደ ማለት ነው፤ አሥር ደቂቃ የታጠበ 48። እየታጠባችሁ ቦይለሩ መሥራቱን ስለማያቆም በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ሌላ 130 ሊትር ያህል ያሞቃል። ቤቱ ሞልቶ 12 ሰው ሲያድር በአምስት አምስት ደቂቃ ለሁሉም ይዳረሳል። በአሥር አሥር ደቂቃ ከሆነ ግን ለሰባተኛው ሰው እንኳ አይበቃም። ከተራ ማታ ሳሙና ራሱ ላይ የቀረበት እንግዳችን ሰባተኛው ነበር። ከእሱ በፊት የታጠባችሁትን አንወቅስም፤ አልነገርናችሁም ነበርና። አሁን ግን ነገርናችሁ።

የፀሐይ ማሞቂያ ጣራ ላይ እንድንሰቅል የመከራችሁንም እናመሰግናለን። ቀን ቀን ይህን የመሰለ ፀሐይ እያለን ማባከኑ ያስቆጫል። ይሁን እንጂ ውርጩን አስቡት። ጥርት ባለ ሌሊት ጠፍጣፋው ፓነል ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ አየሩ ከዜሮ በላይ ሆኖ እንኳ ውስጡ ያለው ውሃ ሊረጋ ይችላል፤ በረዶ ሲሆን ይሰፋል፣ ቱቦውንም ይሰነጥቃል። ለዚህ አገር የሚሆነው በቱቦው ውስጥ የማይረጋ ፈሳሽ የሚዞርበት ዓይነት ነው፤ እሱ ደግሞ ዋጋው ሌላ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ፣ የቦይለር ሬዚስታንስ እንኳ ሳይቀር፣ ዋጋው ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። የመብራት ታሪፉም ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ የአልጋ ዋጋ ከአምናው አልጨመርንም። ይህን ያስተዋለልን ሰው አልገጠመንም፤ እኛው እንንገራችሁ ብለን ነው።

ስለ ቁርሱ ጥቂት። ውሃ እዚህ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ቅንጬውም፣ ገንፎውም፣ የተቀቀለ እንቁላሉም ከአዲስ አበባው ይዘገያል። የምትፈልጉትን ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ከነገራችሁን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይደርሳል፤ ጠዋት ያዘዘ ሰው ጨጨብሳ ወይም ፍርፍር ቢበላ ይሻለዋል። ረቡዕና ዓርብ ቁርሱ የጾም ነው። ጾመ ነነዌ ጥር 25፣ ዐቢይ ጾም ደግሞ የካቲት 9 ይገባል። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ቁርሳችሁ አይቀርባችሁም፤ ከ9 ሰዓት በኋላ ትበሉታላችሁ። ጉዞ ላይ ከሆናችሁም በሶና ቆሎ ቋጥረን እንሰጣችኋለን።

ቀብዱን በተመለከተ እውነቱን እንናገር፤ እኛንም ከብዶናል። ይህ ቤት በወላጆቻችን እጅ ሦስት አልጋ ብቻ በነበረው ጊዜ ቃል ይበቃ ነበር። ለከተራ በስልክ ከተያዙት ስድስት ክፍሎች ሁለቱ ባለቤት ሳይመጣላቸው አደሩ፤ ደውሎ የቀረሁት እኔ ነኝ ያለም የለም። በዚያው ማታ ሕፃን የታቀፈች እናት ከበራችን መልሰናል፣ ክፍሉ ተይዟል ብለን። ስድስት ክፍል ላለው ቤት ሁለቱ ሲቀሩ ሲሶው ገቢ ሄደ ማለት ነው። "ለነባር ደንበኛ ይቅርለት" የሚለውን አስበንበት ነበር፤ ነገር ግን አብዛኞቻችሁ ነባር ናችሁ፣ ለማን ይቅር? ስለዚህ ቀብዱ የአንድ ሌሊት ኪራይ ግማሽ ሆኗል፤ በባንክ ወይም በቴሌብር ይላካል። ከሦስት ቀን በፊት ከነገራችሁን ሙሉው ይመለሳል። ሕመም፣ ለቅሶ ወይም የመንገድ መዘጋት ከገጠማችሁ ግን በዕለቱም ብትደውሉ ሙሉውን እንመልሳለን፤ ማስረጃ አንጠይቅም። ቀብድ የተከፈለበት ክፍል እናንተ እስክትመጡ ሌሊቱን ሙሉ ይጠብቃችኋል።

ስለ መንገዱ ካነሣን፣ ከመነሣታችሁ በፊት የዕለቱን ሁኔታ ደውላችሁ ጠይቁን። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሰላሙ ቀን ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ብትችሉ ከሰዓት 10 ሰዓት ሳይሞላ ግቡ። የመጀመሪያውን ቀን ለአንኮበር አታድርጉት፤ ከፍታውን ልመዱት፣ ውሃ ጠጡ፣ አረቄውን ለሁለተኛው ማታ አቆዩት። ያን ቀን ከተማው ይበቃችኋል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ብርሃን በሰማይ ታየ ተብሎ የከተሙበት ቦታ ላይ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አለ። የመላእክት ፊት የተሣለበትን ጣሪያ ፈልጋችሁ የምትመጡ ግን አላችሁ፤ ያ ጎንደር ያለው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው፣ ስሙ ነው የሚያሳስተው። እዚህ መጥቶ "ጣሪያው የታለ?" ብሎ የሚቆጣም አይጠፋም፤ እሱን እንኳ በእኛ አታሳብቡ።

አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተነሡ። ጭላዳዎቹ ከገደሉ አፍ ወጥተው ፀሐይ የሚሞቁት ጠዋት ነው፤ ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ እስከ አፋር ቆላ ድረስ የሚታየውም ጉሙ ሳይሸፍነው ነው። ከቤተ መንግሥቱ የቀረው ጥቂት የግንብ ፍርስራሽ ስለሆነ ሰፊ ሕንፃ ጠብቃችሁ አትሂዱ፤ የሚታየው አቀማመጡ ነው፣ የሸዋ ነገሥታት ለምን እዚያ እንደከተሙ ቆማችሁ ስታዩ ይገባችኋል። በሕዝብ ትራንስፖርት ከሆነ ከሰዓት በኋላ መመለሻ ስለሚጠብ ከ8 ሰዓት በፊት መናኸሪያው ተገኙ። መንዝ ጓሳን ግን ደርሶ መልስ አታስቡት። ቦታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ ቀይ ቀበሮ ለማየት ማለዳ እዚያው መገኘት ያስፈልጋል፤ አንድ ሌሊት እዚያ እደሩና ስትመለሱ እኛ ጋ ታጠቡ። በሰዓቱ።

ለጾመ ነነዌ ሳምንት ሁለት ክፍል፣ ከየካቲት መግቢያ ጀምሮ ደግሞ አራት ክፍል ክፍት ነው። በጥምቀት ተቀይማችሁ የሄዳችሁ ከእነዚህ ቀናት አንዱን መርጣችሁ ብትደውሉልን የፀሐይ አቅጣጫ ካላቸው ክፍሎች አንዱን እናስቀምጥላችኋለን። ስልካችን ያው የድሮው ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የማረፊያው ባለቤትና ቤተሰብ