ለሁለቱ የባሌ ጉርጦች ፍለጋ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለባሌ ተራሮች ወዳጆች በሙሉ፦

የባሌ ስም ሲነሣ አብዛኛው ሰው የሚያስበው ቀይ ቀበሮንና የደጋ አጋዘንን ነው። የዛሬው ጥሪያችን ግን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም ስለማይገኙ ሁለት ዘመዳም ጉርጦች ነው፤ አንደኛው የማልኮልም ጉርጥ፣ ሁለተኛው የኦስጉድ ጉርጥ ይባላሉ። አልቲፍሪኖይደስ በሚባለው የሳይንስ ወገን ውስጥ ያሉት ዝርያዎች እነዚህ ብቻ ስለሆኑ፣ ሁለቱን ማጣት ወገኑን በሙሉ ማጣት ነው።

ዘመዳሞች ይሁኑ እንጂ አረባባቸው ለየቅል ነው። የኦስጉድ ጉርጥ ዕንቁላሉን ውሃ ውስጥ ይጥላል፤ ባለጭራ ጨቅሎቹም እየዋኙ ያድጋሉ። ከባሌ ተራሮች በቀር የማይኖረው የማልኮልም ጉርጥ ግን ፅንሰቱ በሴቷ ሆድ ውስጥ የሚፈጸም ሲሆን፣ ሴቷ ጥቂት ትልልቅ ዕንቁላሎቿን በእርጥብ መሬት ላይ ትጥላለች፤ ጨቅሎቹም ወደ ኩሬ ሳይገቡ እዚያው ያድጋሉ። ይህ በጉርጦች ዘንድ እጅግ ብርቅ ነው፤ በእኛ አስተያየት ከቀይ ቀበሮ ባልተናነሰ ሊያኮራን ይገባ ነበር።

ሁለቱም በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ላይ የመጥፋት ስጋት ካለባቸው ዝርያዎች ተርታ ተመዝግበዋል። ይበልጥ የሚያሳስበው ግን የኦስጉድ ጉርጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጨረሻ በባሌ በተደረጉ ፍለጋዎች ሊገኝ ስላልቻለ፣ ጠፍቶ ይሆናል የሚል ስጋት አለ። የሐረና ደን መመንጠር፣ ከብት የምንጭና የጅረት ዳርን መርገጡ፣ በኢትዮጵያም መኖሩ የተረጋገጠውና የእንቁራሪቶችን ቆዳ የሚያጠቃው ኪትሪድ የተባለ ፈንገስ በምክንያትነት ይጠረጠራሉ።

እኛ የሥነ ሕይወት ምሩቃንና የባሌ ተወላጆች በጋራ ያሰብነው፣ ከሚመለከተው አካል ፈቃድ ስናገኝ በዝናቡ ወራት ሁለቱንም መፈለግ ነው። የአረባባቸው ልዩነት የሥራውንም ወጪ ይለያየዋል፤ የማልኮልም ጉርጥ በሌሊት በባትሪ ብርሃን ከሣርና አስታ ከሚባለው ቁጥቋጦ ሥር የሚፈለግ በመሆኑ አካባቢውን የሚያውቁ መንገድ መሪዎችን አበል ይጠይቃል፣ የኦስጉድ ጉርጥ ግን ከጅረት ውሃ ተጣርቶ በሚወሰድ ናሙና ውስጥ የዘረመል ምልክቱ ሊገኝ ስለሚችል ዋናው ወጪ የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ፈንገሱን ራሳችን ከጅረት ወደ ጅረት እንዳናዛምት የጫማና የመሣሪያ ማጽጃ መድኃኒትም ያስፈልገናል፤ ይህን ወጪ ቅንጦት አድርጎ የሚያይ ሰው ቢኖር እንኳ እኛ አንቀንሰውም። ገንዘብ ከተረፈ ከአርብቶ አደር አባወራዎች ጋር ተመካክረን አንዳንድ የምንጭ ዳሮችን በአጥር እንከልላለን።

ከ100 ብር ጀምሮ የሚደረግ ማንኛውም ልገሳ በደረሰኝ ይሰበሰባል፤ የወጪው ዝርዝርም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ለለጋሾች ይቀርባል። ገንዘብ መስጠት የማይችል ሰው የባትሪ መብራት፣ የጎማ ቦቲ ጫማ ወይም የዝናብ ልብስ ቢለግሰን በደስታ እንቀበላለን። ፍለጋው የዝናቡን ወራት ተከትሎ የሚካሄድ በመሆኑ፣ ልገሳችሁን ከበልግ መግቢያ በፊት ለአስተባባሪዎቻችን እንድታስረክቡልን በአክብሮት እንጠይቃለን።