ሦስት ቦታ፣ አምስት ልጅ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔና ቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለቤትህ በሰላም መገላገሏን በሰው በሰው ሰማሁ፤ እንኳን ማርያም ማረቻት በልልኝ። ልጅቷንም በዕድሜ በጸጋ ያሳድግላችሁ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን ተጠፋፋን ብለህ እንዳትጠይቀኝ፣ እኔም አልጠይቅህም። ሁለታችንም ሥራ ላይ ነን፣ አንተ ከሥራ ወጥተህ እግርህን ስትዘረጋ እኔ እዚህ ተኝቻለሁ። ከነገ ወዲያ ጾመ ነቢያት ይገባል፤ ሳይገባ ልጻፍልህ ብዬ ነው።

ብዕር ያስነሳኝ የእናንተው የሲያትል ቤዝቦል ቡድን ማሪነርስ ነው። ጥቅምት ላይ ከቶሮንቶ ጋር ያደረጋችሁትን ሰባተኛና ወሳኝ ጨዋታ ቁጭ ብዬ አየሁት። 3 ለ 1 ስትመሩ፣ ይኼው ሲያትል በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ወርልድ ሲሪስ (የዋንጫው ፍጻሜ) ልትገባ ነው ብዬ ልደውልልህ ስልክ አንስቼ ነበር። ሰባተኛው ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ላይ የቶሮንቶው ጆርጅ ስፕሪንገር ሁለት ሰው ቤዝ (ሯጭ የሚያርፍበት ቦታ) ላይ ቆሞለት ያቺን ኳስ ከአጥር አሻግሮ ላካት፤ ሦስቱም ዞረው ገቡ፤ 4 ለ 3፣ አለቀ። ስፕሪንገርን ታስታውሰዋለህ፤ በ2019 ወርልድ ሲሪስ ሂውስተን ሆኖ ነፍሳችንን ሲያስጨንቃት የነበረው ነው። (የቤዝቦሉን ቀንና ዓመት በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ፤ ቤዝቦልን በእኛ አቆጣጠር መቁጠር ያደናግራል።) ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩት። ለእንዲህ ያለ ሐዘን እዝን ይዘው ይመጡ ነበር እንጂ አይደወልም።

ያንን ላንተ ትቼ ወደ እኔ ቡድን፣ ወደ ዋሽንግተን ናሽናልስ ልምጣ። ኮከባችን ሁዋን ሶቶ ለሳንዲያጎ የተሸጠ ዕለት «ከዛሬ ጀምሮ የናሽናልስን ስም እንዳትጠራብኝ» ያልከኝን አልረሳሁም። ነሐሴ 2 ቀን 2022 ነበር፣ እንዳልኩህ በፈረንጅ። የ15 ዓመት 440 ሚሊዮን ዶላር ውል አልፈልግም አለ፣ እነሱም ሸጡት። በለውጡ ብዙ ልጆች መጡልን፤ አንተ ደግሞ ስማቸውን እንኳ ሳትሰማ «ላም አለኝ በሰማይ» ብለህ ዘጋኸው። ወንድሜ፣ ላሞቹ ወርደዋል። ሲጄ ኤብራምስ ሾርት ስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል) ይጫወታል፣ ማኬንዚ ጎር ፒቸር ሆኖ ኳስ ይወረውራል፣ ጄምስ ዉድና ሮበርት ሃሰል ደግሞ አውትፊልድ (የኋላው ሰፊ ሜዳ) ላይ ናቸው። ቡድኑ ዳነ ማለቴ ግን አይደለም። ዘንድሮ 66 አሸንፈን 96 ተሸንፈናል። ሐምሌ ላይ ኃላፊውን ማይክ ሪዞንና ማኔጀሩን (አሰልጣኙን) ዴቭ ማርቲኔዝን፣ ዋንጫ ያመጡልንን ሁለቱን ሰዎች፣ በአንድ ቀን አሰናበቷቸው። አሁን ከቦስተን ፖል ቶቦኒ የሚባል ሰው አምጥተው በኃላፊነት ላይ አስቀምጠውታል፤ ማኔጀሩ ብሌክ ቡቴራ 33 ዓመቱ ነው። ከ1972 ወዲህ በሊጉ በዚህ ዕድሜ ማኔጀር የሆነ የለም። በእኔና በአንተ ዕድሜ ልጃችን ሊሆን ምንም አልቀረውም።

እነዚህ አዲስ ሰዎች በዚህ የፈረንጅ ክረምት የሚወስኑት አንድ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። ሦስት የአውትፊልድ ቦታ አለን (ግራው ሌፍት፣ መሐሉ ሴንተር፣ ቀኙ ራይት ፊልድ)፣ አምስት ልጅ አለን።

ዉድን አንተም ትወደዋለህ። የተወለደው ሮክቪል ነው፣ የእኛው የሞንጎመሪ ካውንቲ ልጅ ማለት ነው። ቁመቱ ሁለት ሜትር ያልፋል፣ ባት (መምቻውን ዱላ) ሲይዝ የጥርስ መፋቂያ ይመስላል። ዘንድሮ 31 ሆም ራን መታ፣ ኳሷን ከአጥር አሻገራት ማለት ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ተጋጣሚያችን ኤንጀልስ በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ ሆን ብለው አሳለፉት፤ «አንተ ከምትመታ በነጻ አንደኛ ቤዝ ሂድ» ማለት ነው። ከ2004ቱ ባሪ ቦንድስ ወዲህ እንዲህ የተፈራ ሰው አልነበረም። ችግሩ ሁለት ነው፤ ከ200 ጊዜ በላይ ስትራይክ አውት ሆኗል (ኳሷን መምታት አቅቶት ወጥቷል)፣ ሌፍት ፊልድ ላይ ደግሞ ኳሷ ከባት ስትነሳ ወዴት እንደምትሄድ ዘግይቶ ነው የሚያውቀው። እግሩ ረጅም ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይደርስባታል፣ ያልደረሰባት ቀን ግን መቺው ሁለት ቤዝ ሄዷል።

ዴይለን ላይል ግንቦት ላይ ነው የመጣው። ዓመቱን ሲጨርስ የመምታት አማካዩ 0.299፣ ትሪፕሉ (በአንድ ምት ሦስተኛ ቤዝ የደረሰበት) 11። ትሪፕል ማየት ምን ያህል እንደምወድ ታውቃለህ። መስከረም ላይ የኒውዮርኩን ሜትስን በሜዳቸው በ11ኛው ኢኒንግ ኳሷ ከሜዳ ሳትወጣ አራቱንም ቤዝ ዞሮ ገባ፣ ቤቱን በአንድ እግሬ ዞርኩት። ጓንቱ (ኳስ አያያዙ) ግን ከዉድም አይሻልም። ሃሰል ገና ነው፤ ወደ ታችኛው ቡድናችን ሮቸስተር ወርዶ ቢበስል ይሻለዋል፣ ማውረጃ ኦፕሽንም (ሳያጡት የማውረድ ፈቃድ) አለው።

ዲላን ክሩስ በ2023 ድራፍት (የወጣቶች ምርጫ) ሁለተኛ ተመራጭ ነበር። አንደኛው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛው ፖል ስኪንስ ነው፤ ይኼው ሰሞኑን የምርጥ ፒቸር ሽልማቱን፣ ሳይ ያንግን፣ ወሰደ። ክሩስ ዘንድሮ ጎኑን ተጎድቶ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ጠፋ፣ ሲጫወትም አማካዩ 0.210 አልደረሰም። ክንዱ ግን የራይት ፊልድ ክንድ ነው። ከዚያ ማዕዘን እስከ ሦስተኛ ቤዝ ያለው ርቀት የዋዛ አይደለም፣ ሯጩም ማን እንደቆመ አይቶ ነው የሚደፍረው። በመታው ብቻ ፈርደው እንዳይተዉት እፈራለሁ፤ የ23 ዓመት ልጅ አንድ ሙሉ ዓመት ጤነኛ ሆኖ ሳይጫወት ምን ይፈረድበታል?

አሁን ልቤ ያለበትን ልንገርህ። ጄኮብ ያንግ።

በድራፍት ሰባተኛ ዙር የተመረጠ ልጅ ነው፣ ሲመጣ ማንም ዞር ብሎ ያላየው። ሆም ራኑ በጣት ይቆጠራል፣ አማካዩም አያኮራም። ሴንተር ፊልድ ላይ ስታቆመው ግን ሌላ ሰው ነው። ሴንተር ፊልደር ማለት የድግስ አጋፋሪ ነው፤ ግራና ቀኝ ያሉትን እሱ ነው የሚያዘው፣ «የኔ ናት» ካለ ሁሉም ይለቅለታል። ያንግ ገና ፒቸሩ ሲለቅ ክብደቱን ወደ አንድ ወገን ጥሏል። ከሜዳ ሆነህ ስታየው፣ ኳሷ ከመመታቷ በፊት የነገሩት ይመስላል። መስከረም 21 ኒውዮርክ ላይ የሆነውን ምናልባት ስልክህ ላይ አይተኸው ይሆናል። አምስተኛው ኢኒንግ ላይ ግድግዳው ጋ ዘሎ ኳሷ ከጓንቱ ፈልቅቃ ወጣች፤ መሬት ሳትነካ በእግሩ መትቶ ወደ ላይ አነሳት፣ መልሶ በጓንቱ ያዛት። በእግሩ! ሰፈር ውስጥ የካልሲ ኳስ ያላንጠባጠበ ሰው ያንን ማድረግ አይችልም ብዬ ልጄን አሳቅኩት። ዘጠነኛው ላይ ደግሞ የሜትሱ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ መትቶ ጨዋታውን እኩል ሊያደርግ የነበረውን ሆም ራን ከግድግዳው በላይ ዘርግቶ መለሰበት። 3 ለ 2 አሸነፍን።

ሜትስ ዓመቱን ከሲንሲናቲ ጋር በእኩል ድል ጨርሶ በእርስ በርስ ውጤት ተበልጦ ሳያልፍ ቀረ። አንዲት ጨዋታ ነበረች የጎደለችው። ሶቶ በ765 ሚሊዮን ዶላር የሄደበት ቡድን ማለት ነው! አንተ ያን ዕለት ምን አልክ? እኔ እንኳ ልጁን አልጠላውም፣ ግን ደስ ብሎኛል።

አውትፊልድ ዓመት ያበላሻል፣ ዓመት ይሠራል የምልህ ከዚህ ተነስቼ ብቻ አይደለም። የ2019ኙን የዋይልድ ካርድ (የአንድ ጨዋታ ማለፊያ) ማታ አስብ። ጥቅምት መጀመሪያ፣ የባቡሩን ሬድ ላይን ይዘን ጋለሪ ፕሌስ ግሪን ላይኑን ተቀይረን የሄድንበት። ሚልዋኪ 3 ለ 1 እየመራ ስምንተኛው ላይ ፒቸራቸው ጆሽ ሄደር ቆሞ ነበር፤ ከፊታችን የተቀመጡት ባልና ሚስት ኮታቸውን ደርበው ተነስተው ነበር። ቤዙ ሞልቶ ሶቶ ወደ ራይት ፊልድ መታት፤ ሁለት ሰው ገብቶ እኩል ልንሆን ነበር ቢበዛ። የሚልዋኪው ትሬንት ግሪሻም ኳሷን ሊይዝ ሲያጎነብስ ከጓንቱ ስር አልፋ ሄደች፣ ሦስተኛውም ገባ። 4 ለ 3። ያቺ ኳስ ጓንት ውስጥ ብትገባ ኖሮ ሎስ አንጀለስ የለ፣ ሂውስተን የለ፣ ዋንጫ የለ። ግሪሻም በኋላ ሁለት ጊዜ የወርቅ ጓንት (የምርጥ ኳስ ያዥ ሽልማት) መሸለሙን፣ ከዚያም ከዚያው ከሶቶ ጋር ተጠቅልሎ ያንኪስ መሄዱን ሳስብ ይገርመኛል። ጎበዙም ይስታል፣ ታዲያ ያልተካነው ምን ይሆን?

ልጄ አሁን 11 ዓመቱ ነው፣ በካውንቲው ሊግ አውትፊልድ ይጫወታል። ቅዳሜ ቅዳሜ መናፈሻው ሄደን ከፍ ከፍ አድርጌ እወረውርለታለሁ። ከፊቱ የሚወድቀውን ሮጦ ይይዘዋል፣ ቀላል ነው። በራሱ ላይ የምታልፈው ናት ጉዱ። ጀርባውን ሰጥቶ መሮጥ አለበት፣ ዓይኑን ከኳሷ ነቅሎ፣ ትወድቃለች ብሎ ያሰበበት ቦታ ደርሶ ነው ቀና የሚለው። ልጄ ዓይኑን መንቀል ይፈራል፣ ወደ ኋላ በጎን በጎን ይሄድና እግር በእግር ተጠላልፎ ይወድቃል። እሱን ካየሁ ወዲህ ያንግ የሚሠራውን ሥራ እንደ ድሮው በቀላሉ አላየውም።

ስለዚህ እኔን ቢጠይቁኝ፣ ማንም ባይጠይቀኝም፣ ያንግ ሴንተር፣ ክሩስ ራይት፣ ላይልና ዉድ ሌፍት ፊልዱንና ዲኤቹን (ሜዳ ሳይገባ የሚመታውን ቦታ) እየተፈራረቁ። ዲኤች የነበረው የጆሽ ቤል ውል አልቋል፣ ቦታው ክፍት ነው። ዉድን በዚህ ዕድሜው ሙሉ በሙሉ ዲኤች ማድረግ ግን አልወድም፤ ገና ሊማር ይችላል። ሮስተሩ (የተጫዋች ዝርዝሩ) 26 ነው፣ ፒቸሮቹ 13 ይወስዳሉ፣ 13 ይቀራል። ከዘጠኙ ሌላ አንድ ተጠባባቂ ካቸር (ከፒቸሩ ተቀባይ) ስታወጣ ሦስት ሰው ብቻ ነው የሚተርፍህ። አምስተኛ አውትፊልደር ቤንች ላይ ማስቀመጥ የኢንፊልድ (የፊቱ ሜዳ) ተጠባባቂ ያሳጣል፤ ሃሰል ሮቸስተር ይጀምር የምለው ለዚህ ነው። ደግሞ ዉድም ላይልም ሃሰልም በግራ ነው የሚመቱት። ያንግን ሸጠው ሦስቱን ቢደረድሩ ለግራኝ መቺ የሚከብደው ግራኝ ፒቸር በመጣ ቁጥር እጅ መስጠት ነው።

የምፈራው አዲሶቹ ሰዎች ወጣት ፒቸር ፍለጋ ያንግን እንዳይሸጡት ነው። ፈላጊ አያጣም፤ ዘንድሮ ለወርቅ ጓንት ከመጨረሻዎቹ ሦስት እጩዎች አንዱ ነበር፣ የቺካጎው ፒት ክሮው አርምስትሮንግ ወሰደበት እንጂ። «የማይመታ ሰው በቀላሉ ይተካል» ይሉናል። ፒቸሮቻችን ዘንድሮ እንዴት እንደተደበደቡ አይተናል። ኳስ በየሜዳው የሚበተንባቸውን ልጆች የሚሰበስብላቸውን ሸጠህ ሌላ ፒቸር ብታመጣስ፣ እሱንስ ማን ይሰበስብለታል? ሌላውን አውትፊልደር አሌክስ ኮልን ሐምሌ ላይ ለዶጀርስ ሲለቁት አልከፋኝም፤ ሄዶ የዋንጫ ቀለበት አገኘ፣ ይበለው። የያንግ ነገር ግን ሌላ ነው።

ከእኛ ወደ እናንተ የመጣው ቪክቶር ሮብለስ እንዴት ነው? ሚያዝያ ላይ ሳንፍራንሲስኮ መረቡ ውስጥ ገብቶ ኳሷን ይዞ ትከሻው ሲወልቅ አይቼ አንጀቴን በላው። ያኔ እዚህ ሴንተር ፊልድ ላይ እያለ እኮ አንተ ነህ «ባቱ ይሰበር፣ ጓንቱ ይበቃኛል» ስትል የነበርከው። ዛሬ ከያንግ ጎን ካልቆምክ ያንን ቃልህን ነው የማነሳብህ።

ስልክህ ተቀይሮ ከሆነ አዲሱን ጻፍልኝ፣ የልጅቷንም ፎቶ ላክ። ስመ ክርስትናዋ ማን ተባለ? ባለቤቴ ጠይቀው ብላኛለች። ማሪነርስ ዘንድሮ ገበያ ከወጣ ሃሰልን ውሰዱት፣ እንነጋገራለን። ስለ ያንግ ግን አፍህን እንዳትከፍት።

ለቤተሰቡ በሙሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ