ትምህርት ቤቱን ከጦርነቱ አውጡልን

ክቡር አዘጋጅ፣

በቅርቡ በጋዜጣችሁ «የሰላም ትምህርት ራሱን ችሎ በየክፍሉ ይሰጥ» የሚል ጽሑፍ አንብቤአለሁ። ጸሐፊው ቅን ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ለዓመታት ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ያስተማርኩትን እኔን ግን ሐሳባቸው ፈገግ አሰኝቶኛል። ይህን ትምህርት እኮ አስተምረነዋል። አሥራ አንድ እሴቶች ነበሩት። ከዴሞክራሲያዊ ሥርዓት ተነስተን የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ አገር ወዳድነት እያልን እንወርድና ዕውቀትን መሻት ላይ እንጨርሳለን። በሚቀጥለው ክፍል እነዚያው አሥራ አንዱ ገጻቸው ወፍሮ ይመለሳሉ። ዛሬ በየካምፑና በየጫካው ጠመንጃ ደግነው ከሚፋጠጡት ወጣቶች ብዙዎቹ እነዚያን ምዕራፎች ሸምድደው የተፈተኑ ናቸው። መቻቻል ምንድን ነው ብትሏቸው ፍቺውን ከነምሳሌው ይነግሯችኋል፤ ጥያቄው ለፈተና ይመጣ ስለነበር።

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ስሙ ዜግነት ሆኗል፤ ለታናናሾቹም ግብረ ገብ ተመልሶላቸዋል። አልቃወምም። ጸሐፊው የዘነጉት አንድ ነገር ግን አለ፤ መጽሐፉ የሚደርሰው በሩ ክፍት ወደሆነ ትምህርት ቤት ነው። በ2017 የትምህርት ዘመን የአማራ ክልል ከ7 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ሊመዘግብ አቅዶ ግማሹን እንኳ አላገኘም። ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን የክልሉ ትምህርት ቢሮ ራሱ ተናግሯል። ትግራይ ውስጥ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የተዘጋው በር ጦርነት ተጨምሮበት እስከ 2015 ዓ.ም. ማገባደጃ ድረስ ለአብዛኛው ልጅ ሳይከፈት ቆይቷል። ያኔ 1ኛ ክፍል ለመግባት ደብተር የተገዛለት ልጅ ፊደል ሳይቆጥር ጥርሱን ነቅሎ ጨርሷል። ለእነዚህ ልጆች የምንጽፈው አዲስ የሰላም መጽሐፍ የት ተቀምጠው ይነበባል?

ትምህርት ሁልጊዜ ሰላም ያመጣል ማለቴም አይደለም። ይህ አባባል በየስብሰባው ስለሚደጋገም እንጂ እውነቱ ሌላ ነው። ሩዋንዳን ተመልከቱ፤ እ.ኤ.አ. ከ1994ቱ እልቂት በፊት በነበሩት ዓመታት መምህሩ ክፍል ገብቶ «ሁቱዎች ተነሡ፣ ቱትሲዎች ተነሡ» እያለ ይመዘግብ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ለመግባትም የዘር ኮታ ነበረ። ልጁ ማንነቱን ለይቶ የቆጠረው እዚያው ቁጥር በተማረበት ክፍል ውስጥ ነው። ከእልቂቱ በኋላ መንግሥቱ የታሪክ ትምህርትን ለዓመታት አቋርጦት ቆየ፤ ምን ብሎ እንደሚያስተምር ጨንቆት ነበርና።

ሩቅ ሳንሄድ የራሳችንን ዩኒቨርሲቲዎች እናስታውስ። በ2012 የትምህርት ዘመን መግቢያ ተማሪዎችና ወላጆች ብጥብጥ እንዳይነሳ ውል ፈርሙ ተብለው ፈረሙ። ብዙም ሳይቆይ በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ሕይወት ጠፋ፤ ግቢዎች ተረበሹ፤ ከደምቢ ዶሎ የተነሱ ተማሪዎች በመንገድ ታገቱ። የልጆቹ ስም በየቤቱ ሲነሳ ከረመ፤ ወላጆቻቸው ግን መልስ አላገኙም። አያቶቻችን ያለ ውል የሠሩትን እኛ በውልም አቃተን። የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ ከሸዋ ጎጃም፣ ከጎጃም ጎንደር ሲዞር ውሻ እንጂ ሰው አያስፈራውም ነበር። ወደ ወሎ ወደ ዳናና ወደ ሌሎቹ የእስልምና ትምህርት ማእከሎችም ደረሳው ከየአቅጣጫው ይመጣ ነበር፤ ቋንቋውን የማያውቅ አገር ሰው ያበላው ነበር። ያ ዘመን ጦርነት አልነበረበትም እንዳትሉኝ፤ ነበረበት እንጂ። የመንደሩ ሰው ግን ተማሪን በማን ወገን ነህ ብሎ አይመረምርም ነበር።

እኔ የምጠይቀውም ይህንኑ ነው። ተፋላሚዎቹ በሌላው ሁሉ ባይስማሙ እንኳ በትምህርት ቤት ላይ ብቻ ይስማሙ። ሙሉ ሰላም ይውረድና ከዚያ እንከፍታለን የሚለው ስሌት አንድ ትውልድ አስበልቶናል። የ12 ዓመት ልጅ ሰላሙን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፣ ያድጋል። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ በእኛ አካባቢ ያለውን አማራጭ ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዱ ከደላላ ጋር ተነጋግሮ በአፋር አድርጎ ጅቡቲ፣ ከዚያም በየመን ወደ ሳዑዲ ይነጉዳል። ልጅቷን ይድሯታል። ከተማ የቀረበው ሊስትሮ ይሆናል ወይም የቀን ሥራ ይገባል። የቀረው ጠመንጃ ያነሳል፤ ጠመንጃው ቢያንስ ስም ይሰጠዋል፣ እንጀራ ያበላዋል። የሰላም ድርድር ያቀደ ሰው ሁሉ ይህን ማሰብ ይኖርበታል፤ በሩ የተዘጋ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ለተዋጊ መልማይ የተመቸ ሰፈር ነው።

ስለ ሕንጻዎቹ ደግሞ እናውራ። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ደሴ ውስጥ ክፍሎቻችን ከሰሜን ወሎ በተፈናቀሉ ወገኖች ተሞልተው ነበር። ማንም አላጉረመረመም፤ ሌላ ጣሪያ የት ነበርና! ሽሬና መቀሌም ከፕሪቶሪያው የጥቅምት 2015 ዓ.ም. ስምምነት በኋላም ለብዙ ጊዜ ተፈናቃዩ ከክፍል አልወጣም፣ የሚመለስበት ቀዬ አልተመለሰለትምና። ይህ ሌላ ጉዳይ ነው። ወታደር ትምህርት ቤት ውስጥ ሲሰፍር ግን ትምህርት ቤቱ ዒላማ ይሆናል። ወንበሩ ማገዶ ይሆናል፤ ወታደሩ ከወጣ በኋላም ወላጅ ልጁን መልሶ ለመላክ ልቡ አይደፍርም። እ.ኤ.አ. በ2015 ኦስሎ ላይ አገሮች ትምህርት ቤትን ለጦርነት ላለመጠቀም ቃል የገቡበት መግለጫ ወጥቷል። ሱዳንም ደቡብ ሱዳንም ከደገፉት መካከል ናቸው። ሱዳን ውስጥ ዛሬ የሚሆነውን ላየ ሰው ፊርማ ብቻውን ክፍል እንደማይጠብቅ ግልጽ ነው።

ስለዚህ ከኦስሎም ከአዲስ አበባም ዝቅ ብሎ በወረዳና በቀበሌ የሚያዝ ስምምነት ያስፈልጋል። ወሎ ውስጥ አበጋር አለን፤ ደም የተቃቡ ሰዎችን የሚያስታርቅ፣ ደም የሚያደርቅ። ቄሱም ሼሁም አብረው ይቀመጣሉ። እነዚህን ሽማግሌዎች ለትልቁ ፖለቲካ አትጥሯቸው፤ ትልቁ ፖለቲካ አቅማቸውንም ክብራቸውንም ይበላል። አንድ ጠባብ ጉዳይ ስጧቸው፦ በዚህ ወረዳ ትምህርት ቤትና የትምህርት ቤት መንገድ የማንም አይደለም። ወታደሩ ከግቢው ይውጣ፣ ሌላውም «ትምህርት አይጀመርም» ማለቱን ይተው። ይህን ስምምነት ያፈረሰው ማንም ይሁን ማን ሽማግሌው በአደባባይ ይናገር፤ በእኛ አገር ሽማግሌ በአደባባይ የወቀሰው ሰው ቀላል ነገር አልደረሰበትም።

ይህ ሁሉ ሲወራ የሚረሳው መምህሩ ነው። ክፍሉን ከከፈተ በአንዱ ዘንድ «ባንዳ» ይባላል፣ ከዘጋ በሌላው ዘንድ «ጽንፈኛ»። ደመወዙን ለመቀበል ወደ ወረዳ ከተማ ሲወርድ ሁለት ዓይነት ኬላ ያልፋል፤ በሁለቱም ኬላ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፣ የሚያድነው መልስ ግን የተለያየ ነው። የታገቱ አሉ፣ የተገደሉም አሉ። የትግራይ መምህራን ከ1 ዓመት በላይ የሆነ ደመወዛቸው ሳይከፈላቸው ወደ ክፍል ተመልሰዋል፤ ውዝፉን ሲጠይቁ የኖሩት ጠመኔ በእጃቸው ይዘው ነው። እንዲህ ያለ መምህር የሰላም ትምህርት የሚባል አዲስ መጽሐፍ ሲሰጡት ምን ይሰማዋል? የሥልጠናውን አበል ይጠይቃል እንዳትሉ፣ አበሉም አይደርሰውም። ስለ ሰላም ከልቡ እንዲያስተምር ከተፈለገ መጀመሪያ ሳይፈራ መንገድ የሚሄድ ሰው ይሁን። ተማሪው ከመምህሩ የሚማረው ከሚለው ይልቅ ሲፈራና ሳይፈራ የሚያደርገውን ነው።

በሩ ሲከፈት የሚመለሰው ልጅም ያው ልጅ አይደለም። 4ኛ ክፍል ትቶን የሄደው ጢሙን ማቀምቀም ጀምሯል፤ ከ10 ዓመት ሕፃናት ጋር ተቀመጥ ስንለው በማግሥቱ ይጠፋል። ለዚህ መላ ከውጭ መፈለግ አያሻንም፤ ስፒድ ስኩል የሚባለው አሠራር እኛው አገር ለዓመታት ተሞክሯል። ዕድሜያቸው ያለፈ ልጆች የ3 ዓመቱን ትምህርት በ10 ወር ጨርሰው ወደ መደበኛው ይቀላቀላሉ። የተሞከረው ሥራ በጦርነቱ አካባቢ በስፋት የማይሠራበት ምክንያት ለእኔ አይገባኝም። በዚያ ፈንታ በየዓመቱ የምንሰማው የ12ኛ ክፍል ውጤት ነው። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት በ2014ቱ ፈተና 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ናቸው። ኩረጃው መቅረቱ መልካም ነው። ግን ሁለት ዓመት ተኩስ ሲሰማ የከረመውን ልጅና ክፍለ ጊዜ አምልጦት የማያውቀውን የአዲስ አበባ ልጅ በአንድ መስመር አቁሞ «ወደቀ» ማለት ልጁን ሁለት ጊዜ መቅጣት ነው። የወደቀው ልጅ ደግሞ የሚያስበውን እኔ አውቃለሁ፣ ስለምንነጋገር፦ አገሪቱ አትፈልገኝም ነው የሚለው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ፤ ስለ ካርታው። በ2016 ዓ.ም. በመማሪያ መጽሐፍ ላይ የታተመ ካርታ የአማራና የትግራይ ክልሎችን አስተዳደሮች አካሰሰ። አላማጣና አካባቢዋን የሚያውቅ ሰው እዚያ ያለ ልጅ ቤት ውስጥ ሁለት ቋንቋ ሰምቶ እንደሚያድግ ያውቃል። አዋቂው በማን ክልል ነህ እያለ ከሚጨቀጭቀው ይልቅ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ክፍል ውስጥ ቢያስተምረው ምን ነበረበት? ቦስኒያ ከጦርነቱ በኋላ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ትምህርት ቤት ከፍታ ነበር፤ የቦስኒያክ ልጅ በአንድ በር፣ የክሮኣት ልጅ በሌላ በር ይገባል፣ መጽሐፋቸውም ለየቅል። ለጊዜው ነው ተብሎ ነበር። ከሩብ ምእተ ዓመት በኋላም አልቀረም። ራያም ሆነ ወልቃይት ላይ የሚወሰነው የፖለቲካ ውሳኔ ምንም ይሁን፣ ይህን ዓይነት «ለጊዜው» አደራ እንዳትጀምሩብን።

ክቡር አዘጋጅ፣ ለእናንተ ያለኝ ጥያቄ ቀላል ነው። በየሳምንቱ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ የምታወጡበት ገጽ አላችሁ። ከጎኑ አንዲት ትንሽ ሠንጠረዥ ክፈቱልን፤ በየወረዳው ስንት ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ስንቱ ተዘጋ፣ ስንቱ ወታደር ሰፍሮበታል፣ ስንቱ ተፈናቃይ አለበት። ትምህርት ቢሮዎች ቁጥሩ አላቸው፤ ጋዜጠኛ በየሳምንቱ ደውሎ ከጠየቃቸው መስጠት ይለምዳሉ። ከደቡብ ወሎ ያለውን ለማሰባሰብ እኔና ጥቂት ባልደረቦቼ ፈቃደኞች ነን። የወረዳውን ስም ጻፉ፣ የትምህርት ቤቱንም ጻፉ። የመምህራኑን ስም ግን አታውጡ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሥነ ዜጋ መምህር፣ ከደሴ