የሽሮ ገዢ ራዕይና ተልዕኮ አይጠይቅም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በንግድ ዓምዳችሁ አነስተኛ ነጋዴዎች ሥራቸውን በኢንተርኔት እንዲያስተዋውቁ የሚመክር ጽሑፍ አንብቤአለሁ። ጸሐፊው የክፍያ ሥርዓቱን፣ የክምችት መቆጣጠሪያውን፣ የደንበኞች መመዝገቢያውን አንድ በአንድ ዘርዝረዋል። ዝርዝሩ ያስቀናል፤ ለአስመጪና ላኪ ይበጅ ይሆናል። እኔ ግን ከአያት አልፎ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሽሮና በርበሬ እያዘጋጀሁ የምሸጥ ሴት ነኝ። እንደ እኔ ላለው ነጋዴ አንዲት የኢንተርኔት ገጽ ትበቃዋለች። አንዲት ስል በእውነት አንዲት ማለቴ ነው፤ በአውራ ጣት ከላይ ወደ ታች እየተገፋች የምትነበብ፣ ሌላ ክፍል የሌላት።

በመጀመሪያ ያነጋገርኩት ገጽ የሚሠራ ባለሙያ የሚሞላ ቅጽ ላከልኝ። ቅጹ ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ ዕሴት፣ የሥራ አስኪያጇ መልእክት ይላል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩና እነዚህን ቃላት ስንት ጊዜ እንደተየብኳቸው እግዚአብሔር ይቁጠረው። ሁለት ኪሎ ሽሮ ለሚገዛ ሰው የእኔ ራዕይ ምን ይፈይድለታል? እሱ ማወቅ የሚፈልገው ሽሮው ጓያ እንዳለበትና እንደሌለበት ነው።

ስለዚህ ቅጹን ትቼ ደንበኞች በስልክ የሚጠይቁኝን ሁሉ በደብተር መጻፍ ያዝኩ። ገጹ የወጣው ከዚያ ደብተር ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ምጥን ሽሯችን ከአተርና ከሽንብራ የተዘጋጀ ነው፤ ጓያ የለበትም» ይላል። ጓያ በዋጋ ይረክሳል፤ አዘውትሮ በብዛት ሲበላ ግን እግር ያሽመደምዳል። ይህን የምታውቅ እናት መልሱን ሳትሰማ ገንዘቧን አታወጣም። ቀጥሎ በርበሬው ከየት እንደመጣ አለ። የማረቆ ከሆነ የማረቆ ነው፣ ካልሆነም አይደለም ብዬ እጽፋለሁ። ጨው የገባበትና ያልገባበት ለየብቻ መኖሩ፣ ኮረሪማው፣ በሶብላው፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ፣ ከግማሽ ኪሎ ጀምሮ መሸጤ፣ ወደ ውጭ አገር ለሚሄድ መንገደኛ በድርብ አሽጌ መስጠቴ ሁሉም ተጽፏል። ዋጋም አለ፤ ከዋጋው ጎን ደግሞ የተጻፈበት ቀን። በርበሬ ከገበያ ገበያ ስለሚለዋወጥ ቀን የሌለው ዋጋ ጠብ ያመጣል። «ለዋጋ ይደውሉ» የሚባለውን ነገር አልወደውም። ሻጩ ሰው አይቶ ዋጋ ሊጠራ ነው ብሎ ገዢ ቢጠረጥር አልፈርድበትም።

ጽሑፉን አሰናድቼ ከጨረስኩ በኋላ የቀረው ሥራ ትንሽ ነበር። የሠራችው በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የምትማረው የእህቴ ልጅ ናት። ተራ የጽሑፍ ፋይል ከፍታ፣ ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው፣ ይህ ሥዕል ነው የሚሉ ምልክቶችን በየቦታው ታስገባለች። ኤችቲኤምኤል ይባላል። ቲም በርነርስ ሊ የተባለው እንግሊዛዊ ጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሲሠራ በ1991 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያወጣው የመጀመሪያው ድረ ገጽ የተጻፈውም በዚሁ ነው። ቅጂው ዛሬም ስለሚከፈት አሳየችኝ፤ ጽሑፍና ወደ ሌላ ጽሑፍ መሸጋገሪያ ብቻ ነው። ለእሱ የበቃ ለባልትና አያንስም።

እዚህ ላይ የድሮው የጸሐፊነት አመሌ ይነሳብኛል። የብዙ ሱቆችን ገጽ ስከፍት አማርኛው በሙሉ በሥዕል መልክ ተለጥፎ አገኛለሁ። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ኮምፒውተር ወደ ቢሯችን በገባበት ዘመን እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የየራሱ ኮድ ነበረው። እኛ ዘንድ አምሮ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላ መሥሪያ ቤት ሲከፈት የላቲን ፊደላትና የቅንፍ ትርምስ ሆኖ ይወጣል፤ ከዚያ አለቃ የሚቆጣው ጸሐፊዋን ነው። ያ ዘመን አልፏል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. የዓለምን ፊደላት በአንድ የጋራ ኮድ በሚመዘግበው ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ዛሬ ርካሽ የሚባለው ዘመናዊ ስልክ እንኳ ያነበዋል። ከፋይሉ ራስ ላይ ጽሑፉ በዩኒኮድ መሆኑን የምታሳውቅ፣ ዩቲኤፍ-8 የምትል አንዲት መስመር ማስገባት ይበቃል። በሥዕል የተለጠፈ ጽሑፍ ግን አይቀዳም፣ ዓይኑ የደከመ ሰው ሲያሰፋው ይደበዝዛል፣ በጉግል ሲፈለግም በቀላሉ አይገኝም።

ክብደቱስ? በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ባይት የፋይል መጠን መለኪያ ነው። ገጹ 2000 ፊደል ቢኖረው ጽሑፉ 6000 ባይት ነው ማለት ነው። በስልክ የተነሳ አንድ ፎቶግራፍ 4 ሜጋ ባይት፣ ማለትም 4 ሚሊዮን ባይት ገደማ፣ ቢመዝን ከ600 የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ጽሑፎችን ያህላል። ፎቶግራፍ ይቅር አልልም፤ የበርበሬውን ቀለም ሳያይ ማን ያምናል? የእህቴ ልጅ ጥቂት መርጣ፣ እያንዳንዱን ከ150 ኪሎ ባይት በታች አድርጋ አስገባች። መብራት ጠፍቶ ኔትወርኩ ሲዳከም፣ በእኛ ሰፈር ይህ ብርቅ አይደለም፣ ጽሑፉ ከነዋጋው ቀድሞ ይመጣል፤ ፎቶግራፉ ሲመጣ ይመጣል።

ስልክ ቁጥሩ በ+251 ይጀምራል፤ የመነሻው ዜሮ ይወጣል። ካናዳ ሆና ለእናቷ በርበሬ የምታዝ ልጅ በዜሮ ዘጠኝ ብትደውል አይገባላትም። ቁጥሩ ሲነካ ስልኩ በራሱ መደወያውን ይከፍታል። የሥራ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር አስጽፌዋለሁ። «ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት» ብዬ ብቻ ብተወው ውጭ ያደገ ሰው በሌሊት ተነስቼ የምሸጥ ሊመስለው ይችላል፤ ስለዚህ ከሥሩ 8:00–18:00 የሚል አለ። አድራሻውን በመንገድ ስም ብጽፈው እኔም አላገኘው። ከአያት በየትኛው ታክሲ እንደሚመጣ፣ የት እንደሚወረድ፣ ወፍጮ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነና የብሎኩ ቁጥር ተጽፏል፤ ከሥሩ የጉግል ካርታ ይነካል።

ቴሌግራምና ፌስቡክ እያለ ይህ ሁሉ ለምን የሚሉኝ አሉ። ቴሌግራም እኔም እጠቀማለሁ። ነገር ግን ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተዘግተው በቆዩበት ጊዜ ሱቃቸው እዚያ ብቻ የነበረ ሰዎች ምን እንደሆኑ የእኛ ብሎክ ይናገር። ተራ ድረ ገጽ ግን ይከፈት ነበር። ሌላው ደግሞ፣ ቴሌግራም ላይ የጻፍኩት ዋጋ በሁለተኛው ቀን ከሥር ይቀበራል። ዓምና የለጠፍኩትን ቆፍሮ አውጥቶ «በዚህ ዋጋ ስጪኝ» የሚል ደንበኛ አጋጥሞኛል።

አሁን ወደሚያስቆጣው ልምጣ። እኛ ዘንድ ሶፋና ቁም ሳጥን የሚሠራ ጎረቤት አለኝ። ገጹ ከእኔ ይልቅ ያምር ነበር። ዓመቱ ሲሞላ ገጹ ጠፋ። ለካስ ዶሜይን የሚባለው የገጹ ስም በየዓመቱ የሚታደስ ኪራይ ነው፤ የተመዘገበውም በጎረቤቴ ሳይሆን ገጹን በሠራለት ሰው ስም ኖሯል። ገጽ ሠሪው ስሙን ለመመለስ ገጹን ከሠራበት የበለጠ ገንዘብ ጠየቀው። ጎረቤቴ መኪናው ላይ፣ ደረሰኙ ላይ፣ የሱቁ ግንባር ላይ ያሳተመው አድራሻ አሁን የትም አያደርስም። ይህ ሰው የሱቁን ኪራይ ውል በሌላ ሰው ስም አይፈርምም ነበር፤ ይህም ውል መሆኑን የነገረው ግን አልነበረም። የእኔን ገጽ ሳስመዘግብ በራሴ ስም፣ በራሴ ኢሜይል፣ የይለፍ ቃሉም በእኔ እጅ እንዲሆን ያደረግሁት ከዚህ በኋላ ነው። በነጥብ ኢቲ የሚያልቀውን ስም ኢትዮ ቴሌኮም ይመዘግባል። በነጥብ ኮም የሚያልቀውን ከውጭ ድርጅት መግዛት የፈለገ ግን የውጭ ምንዛሪ ያስፈልገዋል፤ «እኔ ልክፈልልህ» የሚለው ሰው በር የሚያገኘውም በዚህ ነው።

የእህቴ ልጅ እንደምትነግረኝ ለክፍል ሥራ የሚሠሩት ገጽ በምናብ ለተፈጠረ ባለአምስት ኮከብ ሆቴል ነው። መምህራኑ ይህን ሆቴል ቢተውትስ? እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሱቅ ይያዝ፤ ከባለቤቱ ጋር ተቀምጦ ጥያቄዎቹን ይጻፍ፤ ገጹን ይሥራ፤ ስሙን በባለቤቱ ስም ያስመዝግብ። መምህሩም ሲያርም በትልቅ ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ከባለቤቱ ስልክ ከፍቶ ይመልከተው። የነጋዴው ወጪ የስሙ ዓመታዊ ኪራይና ገጹ ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥበት ቦታ ክፍያ ብቻ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ አንድ ገጽ በነጻ የሚያስቀምጡ አገልግሎቶችም አሉ።

የንግድ ዓምዳችሁም በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ክምችት መቆጣጠሪያ ከመጻፉ በፊት ስም እንዴት እንደሚመዘገብ፣ ስንት እንደሚከፈል፣ ውሉ ላይ ምን መጻፍ እንዳለበት ቢያትትልን ቆርጠን ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን። በእኛ መንገድ ላይ ወፍጮ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ብረት በያጁና ያው ጎረቤቴ ፈቃደኞች ናቸው፤ ጠይቄአቸዋለሁ። ተማሪዎቹን ይዞ ሊመጣ የሚወድ መምህር ካለ ስልኬ በዝግጅት ክፍላችሁ ይገኛል። ከሰዓት በኋላ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ጠዋት በርበሬ ስለምቀነጥስ እጄ አይመችም።

ባልትና አዘጋጅ፣ ከየካ አባዶ