የስለላ ፊልም ርዕስ ከተረታችን ይውጣ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለእናንተ። ጋዜጣችሁን የማነበው ደብረ ብርሃን ሆኜ ነው፣ ብዙ ጊዜም አንድ ቀን ዘግይቶ ይደርሰኛል። ባለፈው የፊልም ገጻችሁ ላይ የጀምስ ቦንድን ርዕሶች ወደ አማርኛ መልሳችሁ ሳይ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ። «ሌላ ቀን ሙት» ምንድን ነው? እርግማን ነው እንጂ ርዕስ ነው? ያውም በቀጠሮ የሚደርስ እርግማን! «የመጽናናት መጠን» የሚለውንማ ጓደኛዬ ጮክ ብሎ አነበበውና «ለቅሶ ቤት በስፍር የሚታደል ንፍሮ ነው እንዴ?» አለኝ።

ተርጓሚውን አልወቅስም። ቃሉን በትክክል መልሶታል። ግን ርዕስ እንዲህ አይመለስም። ርዕስ እንደ ልጅ ስም ነው፣ ይወጣለታል።

ልጆች ሆነን የምንገባበት አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። በሩ ላይ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። ባለቤቱ ፊልሙን ማታ ቀድሞ ያየዋል፣ ጠዋት ስም ያወጣለታል። የደብረ ብርሃን ጠዋት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ በአንድ እጁ ጠመኔ በአንዱ የሻይ ብርጭቆ ይዞ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ሲያስብ አሁንም ይታየኛል። የእንግሊዝኛውን ስም ዞር ብሎም አያየው። ቦንድን የገዛ ባልደረባው የሚከዳበትን ፊልም ያመጣ ቀን «ያጎረሰ እጅ» ብሎ ጻፈ። አለቀ። ቀሪውን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ያጎረሰ እጅ ይነከሳል። ማን እንደሚነክስ ለማየት ግን ብራችንን ይዘን ተሰለፍን። ያን ቀን ቦታ ጠፍቶ መሬት ላይ ተቀምጬ ነው ያየሁት።

የሚገርመው ኢያን ፍሌሚንግም ያደረገው ይህንኑ ነው። ሰውዬው በጦርነቱ ጊዜ በእንግሊዝ ባሕር ኃይል የመረጃ ክፍል ሠርቷል፣ የመጀመሪያውን የቦንድ ልብ ወለድ ያወጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ርዕሶቹን ከየት አመጣቸው? ከራሱ ሰዎች አፍ። እንግሊዞች «ሰው የሚኖረው አንዴ ነው» ይላሉ፣ እሱ «ሁለቴ ብቻ» አደረገው። «ኑር፣ ሌላውንም አኑር» የሚሉትን አጣሞ «ኑር፣ ሌላው ይሙት» አለው። «አልማዝ ዘላለማዊ ነው» የሚለውን ርዕስ ከአልማዝ ሻጩ ከዴ ቢርስ ኩባንያ ማስታወቂያ ነው የወሰደው። አንደኛው ርዕስማ ምስጢራዊ ሰነድ ላይ የሚጻፍ የቢሮ ቃል ነው፣ እናንተ «ለዓይንህ ብቻ» ያላችሁት። ለዓይንህ ብቻ ሲባል የዓይን ጠብታ ነው የሚመስለው። እኛ ምስጢር ስንነግር ምንድን ነው የምንለው? «ካንተ እንዳያልፍ» አይደለም? ይኸው ርዕስ!

የፍሌሚንግ ርዕስ እየተመናመነ ሲመጣ ፊልም ሠሪዎቹም መፍጠር ጀመሩ። ከእሱ ርዕሶች ውጪ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው «የመግደል ፈቃድ» ነው። ቀድሞ የታሰበለት «ፈቃዱ ተነጠቀ» የሚል ነበር፣ አሜሪካኖቹ መንጃ ፈቃድ ይመስላቸዋል ተብሎ ተቀየረ ይባላል። እውነታቸውን ነው። እዚህም ቢሆን ትራፊክ ፖሊስ ያስቆመው የሚኒባስ ሹፌር ነው የሚመጣብን። በ1997 የወጣው «ነገ አይሞትም» ደግሞ መጀመሪያ «ነገ አይዋሽም» ነበር አሉ፤ «ነገ» በፊልሙ ውስጥ የጋዜጣ ስም ነው፣ ርዕሱ በፋክስ ሲላክ አንድ ፊደል ተሳስቶ «አይዋሽም» የነበረው «አይሞትም» ሆኖ ቀረ። የጋዜጣው ባለቤት የፊልሙ ክፉ ሰው ነው፣ ይቅርታ፣ እናንተን ማለቴ አይደለም።

እንግዲህ የእኛን ጓዳ እንፈትሽ። እኔ ለአንድ ተከታታይ የስለላ ፊልም የሚበቃ ርዕስ አለኝ። ስልቱ የቪዲዮ ቤቱ ሰውዬ ነው፣ የተረቱን ግማሽ ትጽፋለህ፣ ግማሹን ተመልካቹ በሆዱ ይሞላዋል። ማንነቱን ደብቆ ዓመታት ጠላት አገር ተቀምጦ ትእዛዝ የሚጠብቅ ሰላይ አለ አይደል? «አውቆ የተኛ»። ቢቀሰቅሱት አይሰማም፣ እስኪታዘዝ ድረስ። ለሁለት ወገን የሚሠራው? «ሁለት ባላ»፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል። በዓድዋ ዋዜማ ለጣሊያኖች የሚሠራ መስሎ ለምኒልክ የሠራው ባሻ አውዓሎም ፊልም ቢሠራለት ከዚህ የተሻለ ስም አላገኝለትም። ጡረታ ወጥቶ ተመልሶ የሚጠራው ሽማግሌ ሰላይ ደግሞ «ድመት መንኩሳ» ይባልልኝ። አለቆቹ እያወቁ እንዳላወቁ የሚያልፉት ጉድ «ሾላ በድፍን»።

ከሁሉም የምወደውን ልንገራችሁ። ቦንድ በየፊልሙ ይጠጣል፣ ምስጢሩ ግን አያመልጠውም። ይሄ ለእኛ አይዋጥም። እኛ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ብለን ነው ያደግነው፣ በተለይ እዚህ አረቄው በማይጠፋበት አገር ሁለት መለኪያ የቀመሰ ሰው የባንክ ደብተሩን ጭምር ይነግርሃል። ስለዚህ ጠጥቶ ጠጥቶ ትንፍሽ የማይለው ሰላይ ፊልም «ብቅል ያላወጣው» ይባላል። ይህን የሚያህል ርዕስ እንግሊዝኛው ውስጥ አሳዩኝ።

የቦታ ስምም አለ። እነሱ ፍሌሚንግ ጃማይካ ላይ የሠራውን ቤት ስም ወስደው እ.ኤ.አ. የ1995ቱን ፊልም ሰየሙበት፣ በ2012 ደግሞ የቦንድን የስኮትላንድ የቤተሰብ ቤት ስም ተጠቀሙ። እኛ ከአንኮበር ዝቅ ብሎ ሌት ማረፊያ የሚባል ቦታ አለን። እስቲ ጮክ ብላችሁ በሉት፣ «ሌት ማረፊያ»! ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1876 ለመጣው የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ቡድን የሰጡት ቦታ ነው። መሪው ኦራዚዮ አንቲኖሪ ወፍና እንስሳ ሲሰበስብ ኖሮ በ1882 እዚያው አረፈ። ሰላይ ነበር እያልኩ አይደለም። ግን ጀምስ ቦንድ የሚለው ስም የተወሰደው ከአንድ የካሪቢያን ወፎች አጥኚ መሆኑን ሳስብ ፊልሙ እዚያ ገደል አፋፍ ላይ፣ ጉም ውስጥ፣ ወፍ በሚያጠና ፈረንጅ ሲጀምር ይታየኛል።

ቀጣዩ ክፍል ስሙ «አንቀጽ 17» ነው። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌ ውል ያደራደረው አንቶኔሊ ሸዋ ውስጥ ለዓመታት የኖረ ሰው ነው። አማርኛው «ይችላሉ» ሲል ጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። ሰምና ወርቅ እኛ ብቻ የምናውቅ ይመስለን ነበር፣ ለካ ፈረንጁም በውል ላይ ይቀኛል። ደግሞ ቁጥሩን እዩት፣ ከ007 ምን ያንሳል? ሰባቱም አለበት።

እንግዲህ አዘጋጁ፣ ደብዳቤዬን ብታወጡት ደስ ይለኛል፣ ማሳጠርም ትችላላችሁ። አንድ አደራ ብቻ አለኝ። የመጨረሻውን ክፍል ርዕስ እንደ ፍሌሚንግ ተረት አጣምሜ ነው ያወጣሁት፦ «የጠረጠረ ተመነጠረ»። ሁሉን የጠረጠረው ሰላይ ነው መጨረሻ ላይ የሚመነጠረው። አራሚያችሁ የተሳሳትኩ መስሎት «ያልጠረጠረ» ብሎ እንዳያስተካክልብኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን