የትርፍ ሰዓት ክፍያን ሲስተም ላይ ስትሞሉ

ውድ አባላት፣

ፔሮላችሁን (የደመወዝ ስሌታችሁን) ወደ ሶፍትዌር እያዞራችሁ ያላችሁ፣ የትርፍ ሰዓቱን ነገር አደራ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሠራተኛው መደበኛ የሰዓት ክፍያ ለቀኑ በ1.5፣ ለሌሊቱ በ1.75፣ ለሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ ለሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። ይህን መሙላት ቀላል ነው። ጣጣው ሰዓቱ ላይ ነው። የሌሊቱ ተመን ከምሽቱ 4 ሰዓት ይጀምራል፤ ሲስተሙ ላይ ግን 22:00 ተብሎ ነው የሚገባው። 4:00 ብላችሁ ከሞላችሁት ሲስተሙ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አድርጎ ስለሚወስደው፣ ሌሊቱን ያመሸው ሠራተኛ በቀን ተመን ይከፈለዋል። ይህ ደግሞ የሰው ላብ ነው።

የበዓላት ካላንደሩንም በየዓመቱ አድሱት፤ ፋሲካና ኢዶቹ ቀናቸው ይቀያየራል። ሥራ ከማስጀመራችሁ በፊት ያለፈውን ወር ፔሮል በሲስተሙ አስልታችሁ በእጅ ከተሠራው ጋር አስተያዩ። ልዩነት ካገኛችሁ እዚሁ ግሩፑ ላይ ጻፉልን፤ የሠራተኛ ስምና ደመወዝ ግን እንዳታወጡ።